አባይን ተሻግረህ ካርድ ከመግዛትህ በፊት፦ አሮጌ ማዘርቦርድና አዲስ ግራፊክስ ካርድ የማዛመድ የሥራ ማስታወሻ

ኅዳር 6 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ

ሥራው ዛሬ ተጀመረ። ጠረጴዛው ላይ ያለው ከአንድ መሥሪያ ቤት በጨረታ የወጣ ዴስክቶፕ ነው፦ ጂ41 ቺፕሴት (የማዘርቦርዱ ዋና አገናኝ ቺፕ) ያለው ማዘርቦርድ፣ ኮር ቱ ዱኦ ኢ8400 ፕሮሰሰር፣ 4 ጊጋባይት ራም፣ ባለ 17 ኢንች ስክሪን። ኢ8400 እ.ኤ.አ. በ2008 መጀመሪያ የወጣ፣ በ3 ጊጋኸርዝ የሚሠራ ባለ ሁለት ኮር ፕሮሰሰር ነው። ያኔ ብዙ ሰው ይመኘው ነበር፤ ዛሬ ደብረ ማርቆስ ውስጥ በየጥገና ቤቱ ጓዳ ተቆልሎ ታገኘዋለህ። እኔ ለዚህ ትውልድ ማሽን ትልቅ ክብር አለኝ። ብዙዎቻችን ኮምፒውተር የሚባለውን ነገር ያወቅነው በሱ ነው፤ የመጀመሪያ ማመልከቻችንን የጻፍነውም፣ የመጀመሪያ ጌማችንን የተጫወትነውም እሱ ላይ ነው።

የፈለግሁት ዊንዶውስ ኤክስፒ ጭኜ የዚያን ዘመን ጌሞች በ1280 በ1024፣ የምስል ጥራታቸው እስከ ጥግ ተከፍቶ ማስኬድ ነው። ማዘርቦርዱ ላይ አብሮ የተሠራው ግራፊክስ ለዎርድና ለኤክሴል ይበቃል፤ ለዚህ ግን አይሆንም። ስለዚህ ካርድ ያስፈልጋል። የቱ ካርድ የሚለው ነው ሥራው።

መጀመሪያ ያየሁት የስክሪኑን ጀርባ ነው። ያለው ቪጂኤ፣ የድሮው የአናሎግ ምስል መሰኪያ ብቻ ነው። ኤንቪዲያ የሚባለው የካርድ ኩባንያ ከጂቲኤክስ 10 ትውልድ ወዲህ ባወጣቸው ካርዶች ላይ ቪጂኤ የሚፈልገው አናሎግ ምልክት የለም። የዲቪአይ ቀዳዳ ቢኖራቸውም ርካሹ ከዲቪአይ ወደ ቪጂኤ መቀየሪያ አይገባባቸውም፤ ምልክቱን ራሱ የሚለውጥ ቺፕ ያለበት መቀየሪያ መግዛት ግድ ይሆናል። ከዚያ በፊት የነበሩት የጂቲኤክስ 750 እና የ900 ካርዶች ግን አናሎጉን አልጣሉም። እኛ አገር ከቢሮ የሚወጣው ስክሪን አብዛኛው ቪጂኤ ስለሆነ ይኼ ዝም ተብሎ የሚታለፍ ነገር አይደለም።

ኅዳር 8፣ ሰኞ ማታ

እዚህ ዩኒቨርሲቲ የሚማር የፍኖተ ሰላም ልጅ መጣ። ለእረፍት አዲስ አበባ ዘመድ ጋ ሄዶ ነበር፤ ያጠራቀመውን አውጥቶ ጂቲ 1030 ገዝቶ ተመልሷል። የሱም ማሽን ኮር ቱ ዱኦ ነው፤ የሚፈልገውም እንደኔው ኤክስፒ ላይ መጫወት ነው። ደረሰኙ ግርጌ ላይ በትልቁ ታትሟል፦ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም።»

«ጋሼ፣ ይኼን አስገባልኝ፤ ከዚያኛው አሮጌ 750 ይሻላል አይደል?» አለኝ፣ ለራሴ ማሽን የመረጥኩትን ጂቲኤክስ 750 ቲአይ ማለቱ ነው።

«ና ቁጭ በል፤ አብረን እናስላው» አልኩት።

ሒሳቡን እዚህ አሰፍረዋለሁ፤ ለሌላውም ይጠቅማል። ካርዱ ማዘርቦርዱ ላይ የሚሰካበት ስሎት (ቀዳዳ) ፒሲአይ ኤክስፕረስ ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ2003 ከወጣ ጀምሮ ትውልዶቹ እርስ በርስ ይግባባሉ። አዲሱ ካርድ አሮጌው ስሎት ላይ ይሠራል፤ የሚሠራው ግን በአሮጌው ፍጥነት ነው። ጂ41 ላይ ያለው ስሎት የመጀመሪያው ትውልድ ነው፤ እያንዳንዱ የመረጃ መስመር በሰከንድ 250 ሜጋባይት ያሳልፋል። 16 መስመር ሲሆን 4 ጊጋባይት ነው። ሦስተኛው ትውልድ ላይ አንዱ መስመር ብቻውን ወደ 985 ሜጋባይት ይደርሳል።

አሁን ካርዶቹን እንያቸው። ጂቲኤክስ 750 ቲአይ እ.ኤ.አ. የካቲት 2014 ወጣ፤ የሚጠቀመው 16ቱንም መስመር ነው። ጂቲ 1030 የመጣው ከሱ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2017 ነው፤ መስመሩ ግን 4 ብቻ ነው። አዲስ ማዘርቦርድ ላይ 4ቱ መስመር ወደ 4 ጊጋባይት ስለሚያመጣለት ምንም አይጎድለውም። ጂ41 ላይ ግን 4 ጊዜ 250፣ 1 ጊጋባይት ይሆናል። 750 ቲአይ እዚያው ስሎት ላይ 4 ጊጋባይቱን ያገኛል። እ.ኤ.አ. ጥር 2022 የወጣውን ሬድዮን አርኤክስ 6500 ኤክስቲ ብታመጣም ያው ነው። ካርዱ ለአራተኛው ትውልድ የታሰበ ነው፣ መስመሩ 4 ነው፤ እኛ ጋ ሲደርስ 1 ጊጋባይት ይሆናል። ይኼ ቁጥር ከፒሲአይ ኤክስፕረስ በፊት የነበረው የካርድ ስሎት፣ እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው ኤጂፒ 4ኤክስ ከሚሰጠው 1066 ሜጋባይት ጋር አንድ ነው ማለት ይቻላል። ጉልበቱ የቱን ያህል ቢሆን፣ በ4 የአሮጌ መስመር የሚመጣ ካርድ አንገተ ጠባብ እንስራ ነው፤ ሆዱ ቢሞላም የሚቀዳው በአንገቱ ልክ ነው።

ልክ ልኩን ለመናገር፣ የጌሙ ምስል ሁሉ ካርዱ ላይ ባለው ሜሞሪ ከተጠቃለለ የመስመሩ ማነስ ብዙ አይታይም። የሚጎዳው ሜሞሪው ሞልቶ ካርዱ ከዋናው ራም መበደር ሲጀምር ነው። ያኔ ስክሪኑ ይንተፋተፋል።

የካርዱ ጥርስ ርዝመት ማስረጃ እንደማይሆንም ለልጁ አሳየሁት። ጥርሱ የ16 መስመር ርዝመት ኖሮት ውስጡ የተያያዘው 4 ወይም 8 ብቻ የሆነ ካርድ ሞልቷል። የአምራቹን የመረጃ ገጽ ማንበብ ነው እንጂ በዓይን አይለካም።

«እሺ መስመሩን ልተወው» አለ ልጁ፣ «ኤክስፒ ላይ ብቻ ይሂድልኝ።»

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚዘጋው። 1030 የፓስካል ትውልድ ነው፤ ለፓስካል የኤክስፒ ድራይቨር (ካርዱን ከዊንዶውስ ጋር የሚያግባባ ፕሮግራም) ኤንቪዲያ አላወጣም። ድራይቨር ከሌለ ካርዱ ምስል ቢያሳይም ጌም አያጫውትም። ልጁ አንገቱን ደፋ። የሚሆንለት መንገድ አለ፦ ማሽኑ ላይ ዊንዶውስ 7 ከጫነ 1030ው ይሠራለታል። 32 ቢት ከሆነ ደግሞ እ.ኤ.አ. መጋቢት 2018 የወጣውን 391.35 ድራይቨር መጫን አለበት፤ ኤንቪዲያ ለ32 ቢት ዊንዶውስ ድራይቨር ማውጣቱን ያቆመው በዚያ ትውልድ ነው። ጂቲኤክስ 1650 እና ከሱ ወዲህ ያሉት ከነጭራሹ 32 ቢት ላይ አይጫኑም። ይኼን ሁሉ ወረቀት ላይ ጻፍኩለት። ከደጀን ወዲያ ማዶ ሄዶ ካርድ የሚገዛ ልጅ ከመሄዱ በፊት ሊያውቀው የሚገባ ነገር ነበር፤ የሚነግረው አጥቶ ነው።

ኅዳር 12፣ ሚካኤል

ዛሬ ኅዳር ሲታጠን ነው። ጠዋት ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻውን ጠርጎ ደጅ ላይ ከምሯል። ከጎረቤት ክምር ላይ የኮምፒውተር ኬዝ አየሁ፤ እትዬን ለምኜ ወሰድኩት። «ውሰደው ልጄ፣ ቦታ ይዞብኝ ነው እንጂ» አሉኝ። ማዘርቦርድ ማቃጠል ለማንም አይበጅም፤ የአሮጌው ብየዳ እርሳስ አለበት፣ የፕላስቲኩ ጭስም የልጆችን ሳንባ ይጎዳል።

ስከፍተው ፔንቲየም 4፣ ቺፕሴቱ ኢንቴል 845፣ ቡናማ ኤጂፒ ስሎት ያለው ሆነ። ለዊንዶውስ 98 ከዚህ የተሻለ አልመኝም። የጂ41ዱን ሥራ ስጨርስ ወደሱ እመለሳለሁ።

ኅዳር 15፣ ሰኞ

የዛሬው ሥራ ኃይል ነው። አሮጌ ማሽን ላይ አዲስ ካርድ ሲገባ ከስሎቱ ይልቅ የሚያሰጋኝ ፓወር ሰፕላዩ፣ ለማሽኑ ኃይል የሚያከፋፍለው ሣጥን ነው።

ከማሽኑ ጋር የመጣው ሰፕላይ ላዩ ላይ «450 ዋት» ይላል። ይኼ ቁጥር ብቻውን ምንም አይነግርህም። የሚነበበው ከሥሩ ያለው ሠንጠረዥ ነው፤ 12 ቮልት በሚለው ሥር 14 አምፔር ተጽፏል። 12 ጊዜ 14፣ 168 ዋት። ዛሬ ፕሮሰሰሩም ካርዱም የሚበሉት ከ12 ቮልቱ ነው። የድሮ ሰፕላዮች ግን ጉልበታቸውን የሚያበዙት 5 እና 3.3 ቮልት ላይ ነበር። ኢ8400 እስከ 65 ዋት፣ 750 ቲአይ እስከ 60 ዋት፣ ሃርድ ዲስክና ፋን ሲጨመርበት ወደ 145 ይጠጋል። በወረቀት ይበቃል፤ ለዓመታት ለደከመ ሰፕላይ ግን ሕዳጉ ጠባብ ነው። ከሌላ ማሽን 12 ቮልቱ 20 አምፔር የሚሰጥ አወጣሁ።

ከኋላ ያለችውን ቀይ ማብሪያ አየኋት፤ 230 ላይ ናት። ከአሜሪካ ተጭኖ የሚመጣ ያገለገለ ማሽን 115 ላይ ሆኖ ይገኛል፤ እንደዚያው የኛ 220 ቮልት ላይ ሲሰካ ይፈነዳል። ያገለገለ ኮምፒውተር የገዛ ሰው ሶኬት ከመሰካቱ በፊት ይቺን ይይ።

750 ቲአይን የመረጥኩበት ዋናው ምክንያት ይኼው ኃይል ነው። ፒሲአይ ኤክስፕረስ ስሎት በደንቡ እስከ 75 ዋት ይሰጣል። 750 ቲአይ በ60 ዋት ከዚያ በታች ስለሚያድር ብዙዎቹ ሞዴሎች ተጨማሪ የኃይል ገመድ አይፈልጉም። ጂቲኤክስ 960 ለምሳሌ ኤክስፒ ላይ ድራይቨር አለው፤ ግን 120 ዋት ይበላል፣ ገመድም ይፈልጋል። ለአሮጌ ሰፕላይ ይኼ ሸክም ነው።

75 ዋቱን የሚያሳልፈው ማዘርቦርዱ ጤነኛ ከሆነ ብቻ ነው። ብሎወር ይዤ አቧራውን ካራገፍኩ በኋላ በባትሪ ብርሃን ካፓሲተሮቹን፣ ኃይሉን አጠራቅመው የሚያረጋጉትን ትንንሽ ቆርቆሮዎች፣ አንድ በአንድ አየኋቸው። ፕሮሰሰሩ አጠገብ ካሉት ሁለቱ አብጠዋል። ጤነኛ ካፓሲተር ራሱ ላይ ያለው የመስቀል ቅርጽ ጭረት ጠፍጣፋ ነው፤ የእነዚህ ግን ወደ ላይ ተገፍቶ፣ አንደኛው ጫፉ ተሰንጥቆ ቡናማ ቅርፊት አውጥቷል። ሁለቱም 6.3 ቮልት፣ 1500 ማይክሮፋራድ ናቸው። ከሞተ ማዘርቦርድ ላይ ተመሳሳይ፣ 105 ዲግሪ የሚችሉ አውጥቼ በየድኳቸው። ቮልቱ እኩል ወይም በላይ ይሁን እንጂ አይነስ። ነጩ ጭረት ያለበት ጎን ኔጋቲቭ ነው፤ ከተገለበጠ ይፈነዳል።

ኅዳር 20፣ ቅዳሜ

ካርዱ ገባ። አስነሣሁት፦ አንድ ረጅም፣ ሁለት አጭር ጩኸት። አዋርድ በሚባለው ባዮስ (ማሽኑ ሲነሣ መጀመሪያ የሚሠራው የማዘርቦርዱ ፕሮግራም) ላይ ይኼ «ግራፊክሱን አላገኘሁትም» ማለት ነው። ካርዱን አውጥቼ ጥርሱን በብርሃን ሳየው ወርቅማው ላይ ግራጫ ሽፋን አለ። በነጭ ላጲስ ቀስ ብዬ አሸሁት፣ በአልኮል ጠርጌ አደረቅሁት። ስሎቱንም እንዲሁ። ሲመለስ ቺክ ብሎ ገባ፤ ምስልም መጣ።

የባዮስ ባትሪው በመልቲሜትር 2.4 ቮልት አሳየኝ፤ አዲስ ሲሆን 3 ነው። ቀየርኩት። ባዮስ ውስጥ ገብቼ መጀመሪያ የሚነሣውን ግራፊክስ ወደ ፒሲአይ ኤክስፕረስ ቀየርኩ። ይኼ ካልተቀየረ አንዳንድ ማዘርቦርድ ምስሉን በራሱ ቪጂኤ ማውጣቱን ስለሚቀጥል ሰው ካርዱ ሞቷል ብሎ ይጥለዋል።

አሮጌ ባዮስ አዲስ ካርድ ሳያውቅ ጥቁር ስክሪን ላይ የሚቆምበት ጊዜም አለ። መፍትሔው ባዮሱን ማደስ ነው። ዩፒኤስ በሌለበት ግን ማንም እንዳይሞክረው። በእድሳቱ መሀል መብራት ከሄደ ማዘርቦርዱ አይነሣም፤ መብራት ደግሞ እንደሚሄድ ሁላችንም እናውቃለን።

ኅዳር 21፣ እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ኤክስፒ ሰርቪስ ፓክ 3 ጫንኩ። የጂ41 ደቡብ ቺፕ አይሲኤች7 ስለሆነ ሃርድ ዲስኩን በአይዲኢ፣ ኤክስፒ በራሱ በሚያውቀው የድሮ መንገድ ነው የሚያስነብበው። ከኤክስፒ ጋር ተጨማሪ የዲስክ ድራይቨር በፍሎፒ ማቀበል አላስፈለገም።

የግራፊክሱ ድራይቨር 368.81 ነው፤ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2016 የወጣ፣ ኤንቪዲያ ለኤክስፒ ያወጣው የመጨረሻው። ማይክሮሶፍት ራሱ ኤክስፒን እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2014 ትቶት ስለነበር ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት መቀጠሉ ለእኛ ዓይነቱ ሰው ትልቅ ነገር ነው። ይኼን ማሽን ከኢንተርኔት ጋር አላገናኘውም፤ ፋይል የሚገባው በፍላሽ፣ ያውም በሌላ ኮምፒውተር ላይ በአንቲቫይረስ ከታየ በኋላ ነው።

ጂፒዩ-ዚ የሚባለውን የካርድ መረጃ ማሳያ ፕሮግራም ከፍቼ የመስመሩን ሳጥን አየሁ፦ ካርዱ 16 መስመር፣ ሦስተኛ ትውልድ፤ የሚሠራው 16 መስመር፣ 1.1፣ ማለትም የመጀመሪያው ትውልድ። ሒሳቡ ልክ ነበር። አዲስ ማዘርቦርድም ላይ ቢሆን ካርዱ ሥራ ሲፈታ ፍጥነቱን ዝቅ ስለሚያደርግ፣ አጠገቡ ያለችውን የጥያቄ ምልክት ነክቶ ካርዱን አሠርቶ ነው ማየት።

አንድ ነገር ሳያስጨንቀኝ አልቀረም ነበር፦ ሙቀት። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2400 ሜትር በላይ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ሳሳ ይላል፤ ፋኑ በአንድ ዙር የሚገፋው አየር የሚያነሣው ሙቀት ቆላ ላይ ካለው ያንሳል። የካርዱ ተርማል ፔስት ደርቆ እንደ ኖራ ይፈረፈር ነበር። ጠርጌ አዲስ ቀባሁት፣ የፋኑን መሐል በአንዲት ጠብታ ዘይት አራስኩት። በጌም ላይ 74 ዲግሪ የነበረው 65 ላይ ረጋ።

ኅዳር 27፣ ቅዳሜ

የምስራች ቀን። እ.ኤ.አ. የ2004 እና የ2007 ጌሞች በሙሉ ጥራት፣ ያለ መንተፋተፍ ሄዱ። ካርዱ የሚሠራው ከግማሽ በታች ነው፤ አንዱ የፕሮሰሰር ኮር ግን መቶ ላይ ነው። ስለዚህ ከ750 ቲአይ የበረታ ካርድ ለዚህ ማሽን ምንም አይጨምርለትም። ማነቆው ኢ8400 ነው። የተረፈውን ጉልበት ምስል ማለስለሻ ላይ አዋልኩት። ከኤንቪዲያ መቆጣጠሪያ ውስጥ የጠርዝ ማለስለሻውን 8 እጥፍ፣ የርቀት ጥራቱን 16 እጥፍ አደረግሁ። የዛፍ ቅርንጫፍና የአጥር ሽቦ፣ ያኔ እንደ መጋዝ ጥርስ ይታይ የነበረው፣ አሁን ጥርት ብሎ ወጣ። የጌሙ ፍጥነት አልቀነሰም። አሮጌ ማሽን ላይ አዲስ ካርድ የማስገባት ትርጉሙ ለኔ እዚህ ላይ ነው፦ ጌሙ በወጣበት ዘመን ማንም ቤቱ ያላየውን ጥራት በዚያው ማሽን ማየት።

4 ጊጋባይቱ ራም ኤክስፒ ላይ 3.2 ገደማ ብቻ ይታያል። 32 ቢት ስለሆነ ነው፤ ራሙ ጤነኛ ነው።

ኅዳር 30፣ ማክሰኞ

ወደ ፔንቲየም 4ቱ ተመለስኩ። ኤጂፒ ላይ ጥያቄው ቮልት ነው፤ እዚህ ስሕተት ማዘርቦርድ ይገድላል።

የመጀመሪያው ኤጂፒ በ3.3 ቮልት ነው የሚናገረው፤ 4ኤክስ ሲመጣ 1.5 ሆነ፤ 8ኤክስ እ.ኤ.አ. በ2002 ሲመጣ 0.8። ኢንቴል 845 ከ1.5 በላይ አይችልም። ለዚህ ሲባል ስሎቱ ውስጥ መከልከያ ጥርስ አለ። ወደ ኬዙ ጀርባ የቀረበ ከሆነ ስሎቱ የ3.3 ነው፣ ከጀርባው የራቀ ከሆነ የ1.5 ነው። ካርዱ ላይ ያለው ንቅስ (ጥርሱ መሀል የተቆረጠው ክፍተት) ከዚያ ጋር ይገጥማል። ሁለት ንቅስ ያለው ካርድ ሁለቱንም እንዲችል የታሰበ ነው። አደጋው ያለውም እዚህ ላይ ነው፤ በዚያ ዘመን ሁለት ንቅስ ተቆርጦላቸው ውስጣቸው ግን 3.3 ብቻ የሆነ ርካሽ ካርዶች ተሸጠዋል። 845 ላይ ሲገቡ ይገባሉ፤ ቺፕሴቱን ያቃጥላሉ። ስለዚህ ንቅሱን ብቻ አምኜ አላስገባም፣ የቺፑንም ስም አነባለሁ።

ሣጥኔ ውስጥ ቲኤንቲ2 የሚል እ.ኤ.አ. የ1999 ትውልድ ካርድ አለ፤ እሱን ለዚህ ሰሌዳ አላቀርበውም። ጂፎርስ ኤፍኤክስ 5200 አስገባሁ። እሱ እ.ኤ.አ. የ2003 የ8ኤክስ ካርድ ነው፤ 845 ላይ በ1.5 ቮልት ወደ 4ኤክስ ዝቅ ብሎ ይሠራል።

ለዊንዶውስ 98 ከዚህ አዲስ ካርድ አልፈልግም። ኤንቪዲያ ለ98 ያወጣው የመጨረሻ ድራይቨር 81.98 ሲሆን ጂፎርስ 6ንም ይሸከማል። ግን ከጂፎርስ 6 ጀምሮ የድሮ ጌሞች የሚጠቀሙበት ባለ 8 ቢት የቀለም ሠንጠረዥ ምስል ከካርዱ ላይ ተነሥቷል። እ.ኤ.አ. የ1990ዎቹ መጨረሻ ጌም ላይ ቀለሙ የተበላሸ ግድግዳ የሚመጣው አንዳንዴ ከዚህ ነው። ኤፍኤክስ ላይ አለ። ድራይቨሩንም ወደኋላ ወስጄ 45.23 ጫንኩ፤ የድሮ ጌም ጉም በሱ ላይ በትክክል ይታያል።

ማሽኑ ላይ 1 ጊጋባይት ራም ነበር፤ ግማሹን አወጣሁ። ዊንዶውስ 98 ከ512 ሜጋባይት በላይ ሲሆን የፋይል መሸጎጫው አድራሻውን ስለሚጨርስበት «ሜሞሪ የለም» እያለ ይቆማል። ባዮስ ላይ የኤጂፒ ሜሞሪ መስኮቱንም ወደ 64 ሜጋባይት ዝቅ አደረግሁ።

ታኅሣሥ 4፣ ቅዳሜ

የፍኖተ ሰላሙ ልጅ ማሽኑን ይዞ መጣ። ዊንዶውስ 7 ጭነን 1030ውን አስገባን፤ ስክሪኑ ኤችዲኤምአይ ስላለው መቀየሪያ አላስፈለገም። ሠራ። ለኤክስፒው ደግሞ ሌላ 750 ቲአይ ሳገኝ እንድነግረው አደራ ብሎኛል። ጓደኞቹም ከቡሬና ከብቸና ይደውላሉ። መጀመሪያ የምጠይቃቸው የማዘርቦርዱን ቺፕሴት ስም፣ ሰፕላዩ 12 ቮልት ላይ ስንት አምፔር እንደሚል፣ ስክሪኑ ቪጂኤ መሆን አለመሆኑን፣ የትኛውን ዊንዶውስ እንደሚፈልጉ ነው። ዋጋ የምናወራው ከዚያ በኋላ ነው።

ፔንቲየም 4ቱ ላይ የቀረው የድምፅ ካርድ ነው። የዶስ ጌሞች የሚሰሙት ፒሲአይ ካርድ መፈለግ አለብኝ፤ ሰሌዳው ከፒሲአይ በፊት የነበረው አይኤስኤ የሚባል ስሎት የለውም። ከሰኞ ጀምሮ እሱን እጀምራለሁ።